መቃብሩ ላይ ፈንጂ የተጠመደበት ሰው፦ ዎልፍ ቶን እና የአየርላንድ የሃይማኖት ጠብ

ኦክቶበር 1969 ላይ፣ አየርላንድ ውስጥ ቦደንስታውን በምትባል ትንሽ የገጠር ቦታ አንድ ፈንጂ ፈነዳ። የፈነዳው ባንክ ላይ አይደለም፤ ጦር ሰፈር ላይም አይደለም። መቃብር ላይ ነው። መቃብሩ ውስጥ ያለው ሰው ደግሞ ከሞተ 171 ዓመት ሊሞላው ነበር።

ፈንጂውን ያጠመዱት ከሰሜን አየርላንድ የመጡ የፕሮቴስታንት ታጣቂዎች ናቸው። የሚገርመው ግን ሟቹ ራሱ ፕሮቴስታንት ነበር።

ቤተሰቦች፣ ዛሬ የምናወራው ስለዚህ ሰው ነው። ስሙ ቴኦባልድ ዎልፍ ቶን ይባላል። ካቶሊክና ፕሮቴስታንት አንድ ላይ ይቁሙ ብሎ የተነሳ፣ ለጥቂት ዓመታትም የተሳካለት የመሰለ፣ በመጨረሻ ግን ያነሳሳው አመፅ ራሱ የጎረቤት መተራረድ የሆነበት ሰው ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩን ከሥሩ

ብዙ ሰው የአየርላንድን ጠብ ሲሰማ፣ ሰዎቹ በእምነት ጉዳይ ተከራክረው የተጣሉ ይመስለዋል። ሥሩ ግን መሬት ነው።

ከ1609 ጀምሮ የእንግሊዝ መንግሥት አልስተር በሚባለው የሰሜን አየርላንድ ክፍል የካቶሊኮችን መሬት እየነጠቀ ከስኮትላንድና ከእንግሊዝ ለመጡ ፕሮቴስታንት ሰፋሪዎች አደለ። በ1641 የተነጠቁት አመፁ፤ ብዙ ሰፋሪም ተገደለ። በ1649 ኦሊቨር ክሮምዌል ጦሩን ይዞ መጣና ድሮጌዳ የምትባለውን ከተማ በደም አጠባት። በ1690 ቦይን ወንዝ ዳር ፕሮቴስታንቱ ንጉሥ ዊሊያም ካቶሊኩን ንጉሥ ጄምስን አሸነፈ። አንዱ ወገን 1641ን እያነሳ ያለቅሳል፣ ሌላው 1649ን። ሁለቱም የሚያነሱት ለቅሶ እውነት ነው። ግን እያንዳንዱ የሚቆጥረው የራሱን ሙታን ብቻ ነው።

ከድሉ በኋላ አሸናፊዎቹ ሕግ አወጡ። ካቶሊክ ፓርላማ አይገባም፣ መሣሪያ አይዝም። ከ5 ፓውንድ በላይ የሚያወጣ ፈረስ ካለው ደግሞ ማንኛውም ፕሮቴስታንት 5 ፓውንድ ሰጥቶ ሊወስድበት ይችላል። ከ1728 ጀምሮ መምረጥም ተከለከለ። ካቶሊክ ሲሞት መሬቱ ለወንድ ልጆቹ ሁሉ እኩል ይሸነሸናል፤ የበኩር ልጁ ሃይማኖቱን ከቀየረ ግን ሁሉንም ብቻውን ይወርሳል። አስቡት፣ ሕጉ ወንድምን ከወንድም ሊያጣላ እቤት ድረስ ይገባል።

ከሕዝቡ ሦስት አራተኛ ገደማ ካቶሊክ ነበር። ሥልጣኑም መሬቱም ግን በጥቂት አንግሊካኖች እጅ ነው፤ የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን የእነሱ ነውና። በመሃል ደግሞ ፕሬስቢቴሪያን የሚባሉት አሉ፤ አብዛኞቹ ከስኮትላንድ የመጡ የሰሜን ገበሬዎች፣ ሸማኔዎችና ነጋዴዎች ናቸው። እነሱም ፕሮቴስታንት ይሁኑ እንጂ የመንግሥት ሹመት ለረጅም ጊዜ ተዘግቶባቸው ነበር። ካቶሊኩም ፕሬስቢቴሪያኑም ለማያምንበት ለአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን አሥራት ይከፍላል።

እንግዲህ ሁለቱ የተበደሉ ወገኖች እርስ በርስ ይፈራራሉ። ፕሬስቢቴሪያኑ፣ ካቶሊኩ መብት ካገኘ መሬቴን መልስ ይለኛል ብሎ ይሰጋል። ካቶሊኩ ፕሬስቢቴሪያኑን ሲያይ አያቱን ያፈናቀለውን ሰፋሪ ያያል። ከላይ ያለው ገዥ ደግሞ ይሄ ፍርሃት እስካለ ድረስ ተደላድሎ ይተኛል።

የሠረገላ ሠሪው ልጅ

ቶን በ1763 ደብሊን ተወለደ። አባቱ ሠረገላ ሠሪ ነበር። እናቱ ካቶሊክ ሆና አድጋ በኋላ ወደ ፕሮቴስታንት የገባች ሴት ናት። ማለትም የአገሪቱ ድንበር በራሱ እቤት ውስጥ ያልፋል።

ወጣቱ ቶን ጎበዝ ግን ሰነፍ ተማሪ ነበር። ወታደር መሆን ነው የሚያምረው። አባቱ ግን ደብሊን የሚገኘው ትሪኒቲ ኮሌጅ አስገባው። ገና ተማሪ ሳለ፣ በ1785፣ የ16 ዓመት ልጅ ወደደና ተያይዘው ጠፍተው ተጋቡ። ማቲልዳ ብሎ የሚጠራት ይህች ልጅ እስከ መጨረሻው ከጎኑ አልተለየችም። ከዚያ ለንደን ሄዶ ሕግ ተምሮ ጠበቃ ሆነ፤ የጥብቅና ሥራ ግን ልቡን አልያዘውም።

ልቡን የያዘው ፖለቲካ ነው። በ1789 የፈረንሳይ አብዮት ሲፈነዳ ወሬው ቤልፋስት ድረስ ደረሰ። የቤልፋስት ፕሬስቢቴሪያኖች የአብዮቱን በዓል አደባባይ ወጥተው እስከማክበር ሄዱ። ነፃነት ይፈልጋሉ፤ ግን ለካቶሊኩም ነፃነት ይገባዋል ወይ ሲባል ብዙዎቹ ያመነታሉ።

ድር ቢያብር

በ1791 ቶን አንዲት ትንሽ መጽሐፍ ጻፈ። ጽሑፏ ለካቶሊኮች መብት የምትከራከር ናት፤ የተጻፈችው ግን ለካቶሊክ አይደለም። ለሰሜን ፕሮቴስታንት ነው።

ክርክሩ ቀላል ነበር። አየርላንድ ደካማ የሆነችው ስለተከፋፈለች ነው። ካቶሊኩን አስሮ የያዘ ፕሮቴስታንት ራሱም እጁ ገመዱ ላይ ታስሯል። ካቶሊክ ለነፃነት አይበቃም የሚል ካለ ደግሞ ፈረንሳይን ይይ፤ ንጉሡን ያንበረከከው የካቶሊክ አገር ሕዝብ ነው። መጽሐፏ በሺዎች ቅጂ ተሰራጨች።

በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ቶን ከጓደኛው ከቶማስ ራስል ጋር ወደ ቤልፋስት ሄዶ፣ እዚያ ካሉ ፕሬስቢቴሪያን ነጋዴዎች ጋር የተባበሩት አየርላንዳውያን ማኅበርን መሠረተ። ዓላማው ሦስቱም ሃይማኖቶች በእምነት ስማቸው ሳይሆን በአየርላንዳዊነታቸው እንዲጠሩ ነው። እኛ አገር ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የምንለው ዓይነት ነገር።

ከዚያ የባሰ ያልተለመደ ነገር መጣ። በ1792 የካቶሊኮች ኮሚቴ ይህንን ፕሮቴስታንት በደመወዝ ጸሐፊ አድርጎ ቀጠረው። ቶን አገሩን እየዞረ ካቶሊኮችን አደራጀ፤ በዓመቱ መጨረሻ ተወካዮቻቸው ደብሊን ላይ ታላቅ ጉባኤ አደረጉ። ለንደን ደነገጠች። በ1793 ካቶሊኮች መሬት የያዙ ከሆነ እንዲመርጡ ተፈቀደ። ፓርላማ መግባት ግን አሁንም አይቻልም። ግማሽ በር ተከፈተ እንበል።

አርማ ላይ የሆነው

ቶን ደብሊንና ቤልፋስት ውስጥ ከተማሩ ሰዎች ጋር አንድነት ሲያወራ፣ አርማ በሚባለው የገጠር አውራጃ ሌላ ታሪክ እየተጻፈ ነበር።

አርማ ሕዝብ የተጨናነቀበት፣ ካቶሊክና ፕሮቴስታንት ጎን ለጎን የሚኖርበት ቦታ ነው። ብዙው ሰው ትንሽ መሬት ተከራይቶ ቤቱ ውስጥ የበፍታ ጨርቅ እየሸመነ ይኖራል። መሬቱ ጠባብ፣ ተፎካካሪው ብዙ። የፕሮቴስታንት ወጣቶች ጎህ ሲቀድ የካቶሊኮችን ቤት መሣሪያ ለመፈለግ በሚል ይሰብራሉ፤ የሽመና ዕቃቸውንም ያደቃሉ። ካቶሊኮቹም ተከላካዮች የሚባል የምስጢር ቡድን አቋቁመው ይመልሳሉ።

በሴፕቴምበር 1795 ሁለቱ ወገኖች ዳይመንድ በሚባል መንታ መንገድ ላይ ተዋጉ፤ ፕሮቴስታንቶቹ አሸነፉ። በዚያው ሰሞን የኦሬንጅ ማኅበር ተመሠረተ፤ ስሙ ከንጉሥ ዊሊያም የመጣ ነው። በቀጣዮቹ ወራት ሺዎች የሚሆኑ ካቶሊኮች ቤታቸው እየተቃጠለ ከአርማ ተባረሩ። የተባረሩት በሄዱበት ሁሉ ቂማቸውንና ፍርሃታቸውን ይዘው ሄዱ።

የተባበሩት አየርላንዳውያን ያኔ አንድ ውሳኔ ወሰኑ። መንግሥት ማኅበራቸውን ስላገደው በምስጢር እየተደራጁ ነበርና ከተከላካዮቹ ጋር ኃይል አጣመሩ። በአንድ ጀንበር ብዙ ተዋጊ አገኙ። ግን አብሮ የገባውን ነገር በደንብ አላዩትም። ከላይ ያሉት መሪዎች ስለ ሰው ልጆች መብት ይናገራሉ፤ ከታች ያለው ገበሬ ግን የሚያስበው ቤቱን ስላቃጠለበት ጎረቤት ነው።

መንግሥትም ዝም አላለም። ሚሊሻ ሲያቋቁም የኦሬንጅ ማኅበር ሰዎች በብዛት ገቡበት። አንዳንድ የጦር አዛዦች የሁለቱን ወገን ጥላቻ ሆን ብለው እንዲባባስ ይፈልጉ ነበር፤ ከጦር ሠራዊት በላይ አመፁን የሚሰነጥቀው እሱ ነዋ። ከፋፍለህ ግዛ ማለት ይሄ ነው።

ከቤልፋስት እስከ ፓሪስ

ቶን በዚህ ጊዜ አገር ውስጥ አልነበረም። በ1794 ከአንድ የፈረንሳይ ሰላይ ጋር በተያያዘ ተጠርጥሮ፣ ከአገር ከወጣ ሊተዉት ተስማሙ። በጁን 1795 ከመሄዱ በፊት ከራስል፣ ከሄንሪ ጆይ ማክራከንና ከሌሎች ጓደኞቹ ጋር ቤልፋስትን ከላይ የሚያየው ኬቭ ሂል ተራራ ላይ ወጥተው አየርላንድን ነፃ ሳያወጡ ላያርፉ ማሉ። ከዚያ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር በመርከብ ወደ አሜሪካ ሄደ።

አሜሪካ እርሻ ይዞ በሰላም መኖር ይችል ነበር። ግን አልተቀመጠም። በ1796 መጀመሪያ ብቻውን ፈረንሳይ ገባ። ፈረንሳይኛው ደካማ፣ ኪሱ ባዶ ነበር። እንዲያም ሆኖ በየቢሮው እየተመላለሰ የአብዮቱን መሪዎች አሳመነ። የዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ 43 መርከቦች 15,000 ገደማ ወታደር ጭነው ወደ አየርላንድ ተነሱ። ቶንም የፈረንሳይ መኮንን ልብስ ለብሶ ከመካከላቸው ነበር።

ግን ምን ዋጋ አለው። ጭጋግና ማዕበል መርከቦቹን በታተናቸው፤ ጄኔራሉን ኦሽን የያዘችው መርከብ ጭራሽ ጠፋች። የቀሩት ባንትሪ የሚባለው የባሕር ወሽመጥ ደረሱ። ቶን ለቀናት የአገሩን መሬት ዓይኑ እያየ ሊወርድ አልቻለም። ነፋሱ እምቢ አለ፤ ተመለሱ።

1798

በሜይ 23 ቀን 1798 ሌሊት አመፁ ፈነዳ። ዋና ዋና መሪዎቹ አስቀድመው ታስረው ስለነበር እያንዳንዱ አካባቢ በየፊናው ተነሳ።

በሰሜን፣ አንትሪምና ዳውን በሚባሉት አውራጃዎች፣ ፕሬስቢቴሪያኖች ለካቶሊክ ጎረቤቶቻቸውም መብት ጭምር መሣሪያ አነሱ። ማክራከን መርቷቸው፣ ተሸንፎ፣ ጁላይ ላይ ቤልፋስት ውስጥ ተሰቀለ። የቶን ሕልም እውነት ሆኖ የታየበት ቦታ ካለ እዚህ ነው።

በደቡብ፣ ዌክስፎርድ ውስጥ፣ ሌላ ነገር ሆነ። የመንግሥት ሚሊሻ ቤት እያቃጠለና ሰው እየገረፈ ሕዝቡን ሲያስመርር ከቆየ በኋላ አማፅያኑ አካባቢውን ያዙ። ጁን 5 ቀን ኒው ሮስ ከተማ ላይ ከባድ ውጊያ ተደረገ፤ ወታደሮቹ ቁስለኛና ምርኮኛ ሳይለዩ ገደሉ። በዚያው ቀን ስከላቦግ በሚባል ቦታ አማፅያኑ ጎተራ ውስጥ ዘግተው የያዟቸውን ከ100 በላይ እስረኞች በእሳት ፈጁ። አብዛኞቹ ፕሮቴስታንቶች ነበሩ፤ ሴቶችና ሕፃናትም ነበሩበት። ጥቂት ካቶሊኮችም አብረው ተቃጠሉ። የአማፅያኑ አዛዥ ቤጅናል ሃርቪ ራሱ ፕሮቴስታንት ባለርስት ነበር። በሆነው ነገር ደንግጦ በማግስቱ ንጹሐንን መግደል የሚከለክል ትእዛዝ አወጣ። ግን የሞተው ሞቷል። ሃርቪም ትንሽ ቆይቶ በመንግሥት እጅ ተሰቀለ።

የዌክስፎርድ ወሬ ሰሜን ሲደርስ ፕሬስቢቴሪያኖቹ ክው አሉ። ለካስ አያቶቻችን የነገሩን እውነት ነው አሉ። ካቶሊኮቹ ደግሞ የኦሬንጁን ሚሊሻ ግፍ አይተዋል፤ እነሱም ያንኑ አሉ። በዚያ በጋ የሞተው ሰው ከ10,000 እስከ 30,000 ይገመታል።

መጨረሻው

የቶን ወንድም ማቲው ትንሽ የፈረንሳይ ጦር ይዞ ከመጣው ክፍል ጋር ተማርኮ ሴፕቴምበር መጨረሻ ደብሊን ውስጥ ተሰቀለ። ቶን ራሱ ኦክቶበር 12 ቀን በሰሜን አየርላንድ ባሕር ላይ በተደረገ ውጊያ ተያዘ። ከመያዙ በፊት ፈረንሳዮቹ በትንሿ ፈጣን መርከብ አምልጥ ብለውት ነበር፤ እምቢ ብሎ እስከ መጨረሻው ተዋጋ። ከምርኮኞቹ መሃል ለይቶ ያጋለጠው የድሮ የኮሌጅ አብሮ አደጉ ነው።

ኖቬምበር 10 ቀን ደብሊን ውስጥ በጦር ፍርድ ቤት ቀረበ። ምሕረት አልለመነም። የለመነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እንደ ወታደር በጥይት እንዲገደል። እሱም ተከልክሎ በገመድ እንዲሰቀል ተፈረደበት። ገመዱ ሳይደርስበት ራሱን አቆሰለ፤ ከሳምንት በኋላ፣ ኖቬምበር 19 ቀን 1798፣ በ35 ዓመቱ ሞተ። የተቀበረው ቦደንስታውን ነው። ማቲልዳና ልጃቸው ዊሊያም በኋላ አሜሪካ ገብተው በ1826 የሕይወት ታሪኩን ዋሽንግተን ውስጥ አሳተሙ። ዛሬ ስለ ቶን ያን ያህል የምናውቀው ሚስቱ ወረቀቱን ስላልጣለች ነው።

ከሞተ በኋላ ያልሞተው ጠብ

በ1801 የአየርላንድ ፓርላማ ፈርሶ አገሪቱ ከብሪታኒያ ጋር ተዋሃደች። ካቶሊኮች ፓርላማ እንዲገቡ ተስፋ ተሰጥቷቸው ነበር፤ ንጉሡ እምቢ አለና 28 ዓመት ጠበቁ፣ እስከ 1829። በዚህ መሃል የሰሜን ፕሮቴስታንቶች ውህደቱን እንደ ጋሻ ማየት ለመዱ። ካቶሊኮቹ ደግሞ የአየርላንድ ነፃነትን የራሳቸው ጉዳይ አደረጉ። አባቱ በ1798 ከካቶሊክ ጎን የተሰለፈ ፕሬስቢቴሪያን፣ የልጅ ልጁ የኦሬንጅ ሰልፈኛ ሆነ።

በ1921 አገሪቱ ለሁለት ተከፈለች። ስድስት አውራጃዎች ሰሜን አየርላንድ ተብለው ከብሪታኒያ ጋር ቀሩ፤ እዚያ ፕሮቴስታንቱ ብዙኃኑ ነው። ካቶሊኮች በቤት ዕደላ፣ በሥራና በአካባቢ ምርጫ ተበደሉ። ዴሪ የምትባለው ከተማ ውስጥ ብዙኃኑ ካቶሊክ ሆኖ ሳለ የምርጫ ክልሉ የተሠመረው ፕሮቴስታንቶች እንዲያሸንፉ ተደርጎ ነበር። በ1968 የመብት ሰልፍ ተጀመረ፤ ፖሊስ ዱላ አነሳ፤ ከዚያ 30 ዓመት የዘለቀ ደም መፋሰስ መጣ። ከ3,500 በላይ ሰው ሞተ። ያቺ መቃብር ላይ የፈነዳችው ፈንጂ የዚህ ጦርነት መጀመሪያ ላይ ናት።

የጠመዱት ቶንን የጠሉት እሱ ባደረገው ብቻ አይደለም። የቶንን ስም አይ.አር.ኤ. የሚባለው ታጣቂ ቡድን እንደ ባንዲራ ስለያዘው ጭምር ነው። በጃንዋሪ 1976 አርማና አካባቢው የሆነውን ስሙ። አንድ ቀን ስድስት ካቶሊኮች በፕሮቴስታንት ታጣቂዎች ቤታቸው ውስጥ ተተኮሰባቸው፤ ሁሉም ሞቱ። በማግስቱ ኪንግስሚል በሚባል ቦታ ታጣቂዎች ከሥራ የሚመለሱ ሠራተኞችን የያዘ መኪና አስቆሙና ካቶሊኩ ማን እንደሆነ ጠየቁ። ካቶሊኩ አንድ ነው። ፕሮቴስታንት የሥራ ጓደኞቹ ሊገድሉት መስሏቸው እንዳይወጣ ሊከልሉት ሞከሩ። ታጣቂዎቹ እሱን ሂድ ብለው ለቀቁትና አሥሩን ገደሉ። በኋላ የተደረገ ይፋዊ ምርመራ ድርጊቱ የአይ.አር.ኤ. ነው ብሎ ደምድሟል።

አያችሁ? በዚያች ሰዓት የቶንን ሐሳብ በተግባር ያሳዩት ስሙን የሚጠሩት ታጣቂዎች አይደሉም። ጓደኛቸውን ሊከልሉ የሞከሩት ሠራተኞች ናቸው።

ዛሬ

በኤፕሪል 10 ቀን 1998 የሰላም ስምምነት ተፈረመ። ሜይ 22 ቀን ሕዝቡ ድምፅ ሲሰጥ በሰሜን አየርላንድ 71 በመቶው ደገፈው። የ1798ቱ አመፅ 200 ዓመት ሊሞላው አንድ ቀን ሲቀረው መሆኑ ነው።

ጦርነቱ ቆመ። ግን ቤልፋስት ብትሄዱ የካቶሊክና የፕሮቴስታንት ሰፈሮችን የሚለዩ የሰላም ግድግዳ የሚባሉ ረጃጅም አጥሮች ዛሬም ቆመው ታያላችሁ። አንዳንዶቹ በር አላቸው፤ ማታ ይዘጋል። መንግሥት በ2023 ሁሉንም አፈርሳለሁ ብሎ ነበር፤ አልሆነም። ሁለቱን ወገን አንድ ላይ ለማስተማር ታስበው በተቋቋሙ ትምህርት ቤቶች የሚማሩት ልጆች ከመቶ አሥር አይሞሉም። የቀረው ብዙው ልጅ ከራሱ ወገን ጋር ተምሮ ያድጋል።

በ2021 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ፣ ሰሜን አየርላንድ ውስጥ የካቶሊክ ቤተሰብ ልጆች 45.7 በመቶ፣ የፕሮቴስታንት 43.5 በመቶ ሆኑ። አንዱ ሌላውን በቁጥር የሚጫንበት ዘመን ያበቃ ይመስላል።

ዎልፍ ቶን ሰዎችን በጋራ ጠላት ላይ ማስተባበር ችሎ ነበር። ያልደረሰበት ነገር፣ ጠላት የተባለው በሌለበት ሰዓት ሁለት ጎረቤታሞች ማታ በራቸውን ሳይቆልፉ እንዲተኙ ማድረግ ነው። ይሄኛው ሥራ ጀግናም ሐውልትም የለውም፤ አድካሚ ነው፣ ትውልድም ይፈልጋል። አየርላንድ ከ200 ዓመት በኋላ የያዘችው ይህንኑ ሥራ ነው፤ ገና አልጨረሰችውም።

እናንተስ ቤተሰቦች፣ እንዲህ ያለ ቂም የሚበርደው በምን ይመስላችኋል? በስምምነት ፊርማ ነው ወይስ ልጆች አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ሲማሩ? ሐሳባችሁን ጻፉልን፤ የምታውቁት ሰው እንዲያነብም አጋሩት።